ጥርግ ብሎ የሚመለሰው ምሳ ዕቃ

በዚህ ቤት እኔን ማን ሰው ብሎ ቆጥሮኝ። ምራቴ ስንዱ፣ "እማዬ፣ ንፍሮ ለሕፃን መክሰስ አይሆንም፤ ኤልዳና አትበላውም" ብላ ለልጇ የብስኩት እሽግ ስትከት ምሳ ዕቃውን ከእጇ ነጠቅኳት። ለስለስ ያለ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ ሞልቼ ወደ መዋዕለ ሕፃናቱ ላክሁ። ምሳ ዕቃው በየቀኑ ጥርግ ብሎ ይመለስ ጀመር። እኔም በየማታው ምራቴ አፍንጫ ሥር እየከፈትኩ አሳየኋት።

"ፊደል አልቆጠርኩም፤ የልጅ ሆድ ግን አውቃለሁ።"

ትናንት መምህሯ አስጠራችኝ። ልመሰገን መስሎኝ አዲሱን ነጠላዬን ለብሼ ሄድኩ። መምህሯ አንገቷን ደፍታ ጠበቀችኝ፤ ሆዷ ገፍቷል።

"እማማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ኤልዳና ንፍሮውን አልነካም ስትል አንድ ቀን ቀመስኩት። ከዚያ ወዲህ አምሮቱ አላስቀምጥ አለኝ። የምበላው እኔ ነኝ፤ እሷ የኔን ዳቦ ትበላለች።"

እርጉዝ ያማራትን አትከለከልም። ምራቴ ብትሰማ ደግሞ መሳቂያ መሆኔ ነው።

"ስሚ" አልኳት፤ "ከነገ ጀምሮ የሁለት ሰው እልካለሁ። ልጅቷን አጠገብሽ አስቀምጪና ከአንድ ሳህን ብሉ፤ መጀመሪያ እሷን አጉርሻት። እስክትለምደው ድረስ ምራቴ ዘንድ ትንፍሽ እንዳትዪ።"