አያመኝም

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ደብዳቤው የደረሰ ሐሙስ ነው፤ ኦርቪል ካስነር ዘመኑን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ነው። ከዚያ በፊት ስለነበረው በረዷማ እሑድ አያነሳም።

ደብዳቤው የመጣው ከሜዲኬይድ ነበር፤ መንግሥት ለአቅመ ደካሞች ሕክምና ከሚከፍልበት መሥሪያ ቤት። በመኪና አደጋ ወገቡ ለተሰበረው ለታናሽ ወንድሙ ለቨርን ከተከፈለው ካሳ ላይ፣ ለሆስፒታል ያወጣሁትን ልውሰድ ይላል። ወሰደም። የተረፈው ለአንድ አልጋ እንኳ አልበቃም። የእናታቸውን ቤት በር አስፍቶ፣ ለተሽከርካሪ ወንበሩ መወጣጫ አሠርቶ፣ ቨርንን ካለበት መጦሪያ ማውጣት ሕልም ሆኖ ቀረ።

ኦርቪል ኮሌጅ የበጠሰ፣ ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማረ ሰው ነው፤ ጥፋት ባለበት አጥፊ እንዳለ ያውቃል። አጥፊዋ የቨርን ጠበቃ ወይዘሮ ሄቲንገር ነበረች። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ጻፈላት። አንዱንም አልመለሰችም። በመጨረሻ በሁለት አውቶቡስ ቶሊዶ ከተማ ድረስ ሄዶ ቢሮዋ ገባ።

«ወንድሜን ሸጡት» አላት ገና ሳይቀመጥ።

«ይቀመጡ፣ አቶ ካስነር። እርስዎን የማነጋግረው ቨርን ስለፈቀደ ብቻ ነው።»

«ስንት ከፈሉዎት?»

«ስድብ ቢከፈልበት ኖሮ በደብዳቤዎችዎ ብቻ ይሄኔ ጡረታ ወጥቼ ነበር።»

ከመሳቢያ ማህደር አወጣች። «መንግሥት እጁን የሚያስገባው ለሕክምና ተብሎ በተከፈለው ድርሻ ላይ ነው። ለሥቃይ የተከፈለውን አይነካም። እኔም አብዛኛው ለሥቃይ የተከፈለ እንዲባል ላደርግ ነበር። ቨርን ቃሉን የሰጠበትን ቀን ያስታውሳሉ?»

ያስታውሳል። ረጅም ጠረጴዛ፤ ቨርን በወዲያ በኩል ከእሷ ጎን፣ ኦርቪል በወዲህ በኩል ካሳውን ከሚከፍለው የመድን ድርጅት ጠበቃ ጎን። የተሰጠው ወንበር ያ ነበር። ቨርን ዓይኑን ከሱ ላይ አልነቀለም።

ቃሉ የተመዘገበበትን ገጽ ገልጣ ሰጠችው።

«ያምዎታል?» ይላል ጥያቄው።

«አያመኝም።»

«ሌሊትስ?»

«ኧረ ምንም።»

«በዚህ ምክንያት ድርጅቱ የምከፍለው ለሕክምና ብቻ ነው አለ» አለች ወይዘሮ ሄቲንገር። «ምሎ ሲናገር አፉን ልያዘው?»

ኦርቪል የገጹን ቅጂ አጥፎ ኪሱ ከተተ። የመጦሪያው ነርሶች ያጫወቱትን አስታወሰ፤ ቨርን ሲያገላብጡት ትራሱን ይነክሳል።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ መጦሪያው ደረሰ።

«ዛሬም በአውቶቡስ?» አለው ቨርን ከአልጋው። «ሾፌሩ ለልደትህ ኬክ ሊገዛልህ ነው መሰለኝ፣ ፕሮፌሰር።»

ኦርቪል አልሳቀም። ወረቀቱን ብርድ ልብሱ ላይ ዘረጋው። በድን እግሮቹን ላለማየት መስኮት መስኮቱን አየ።

«እዚህ ያስቀረችህ ይቺ አንድ ቃል ናት።»

ቨርን አነበባትና ወረቀቱን ገለበጠው። «ተወው፣ ወንድምዓለም። ያለፈ ነገር ነው።»

«አልተወውም! ሦስት ዓመት ሙሉ የሰው በር ስደበድብ ኖርኩ። ፊት ለፊትህ ተቀምጬ፣ ዓይን ዓይኔን እያየህ፣ ለምን አያመኝም አልካቸው?»

ቨርን የገለበጠውን ወረቀት አጥፎ መለሰለት።

«ያን እሑድ የመኪናውን መሪ የያዝኩት እኔ ነበርኩ እኮ፣ ቨርን፤ መልስልኝ!»