የትነት ካርታ

ሱፐርቫይዘሩ ከአንዲት ተማሪ ደብተር ላይ ዓይኑን አልነቅል ሲል፣ በሳይንስ መምህሯ እጅ ውስጥ ጠመኔው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የመምህሯን የዓመት የሥራ ውጤት የሚሞላው ሱፐርቫይዘሩ ነበር። «ትነት» የሚለውን መሃል ላይ ጽፋችሁ የምታውቁትን ሁሉ በመስመር አያይዙበት ብላ ተማሪዎቹን ያዘዘቻቸው ደግሞ ራሷ መምህሯ ናት። የልጅቷ መስመሮች ወደ ኩሬ፣ ወደ እርጥብ ካልሲና ወደ ደመና ሄደው ነበር፤ አንዱ ግን «የቲቸር ቁጣ» ላይ ደርሶ ቆሟል።

«ይሄ ደግሞ መቼ ነው የሚተነው?» አላት ሱፐርቫይዘሩ።

«እርስዎ ሲመጡ ነዋ!» አለች ልጅቷ ዓይኗን በጨው ታጥባ። መምህሯ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

«በዚያው ተኖ ይቀራል?»

«ኧረ የት ይቀራል! ሲወጡ ይዘንብብናል።»

ሱፐርቫይዘሩ ሳቁን እንደ ምንም ዋጠና ቅጹ ላይ «ተማሪዎቿ ዑደቱን በሚገባ ተረድተዋል» ብሎ ጻፈ። በሩን ዘግቶ ሲወጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ደብተሩን አናቱ ላይ ደፋ።