አንድ ሰዓት በአንድ ጥንድ ጫማ

ጫማ ሠሪው ነገርን ሁሉ የሚለካው በጫማ ነው። ሚስቱም ይህን ስለምታውቅ እራት ላይ እንዲህ አለችው፦

«ሰው በጀልባ እየተጎተተ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ መንሸራተትን ቢማር፣ የአንዱ ሰዓት ትምህርት የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ ያወጣል ትላለህ?»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «የወንድ ነው የሴት?»

«የወንድ። ጥሩ ቆዳ።»

«የአንድ እግሩንም አያወጣም። ለመስጠም ደግሞ ማን ይከፍላል?»

ሚስቱ ሳቅ አለች። ከስፖርት መምህርነቷ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምትሠራው አጥታ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ከጥግ ጥግ ስታዘዋውር ነው የከረመችው።

በማግስቱ በጠዋት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወደ ሐይቁ ሄደች። በሳልስቱም ሄደች። የጫማ ሠሪው ልብ ተሰቀለ። ለአዲስ መስፊያ ማሽን ብለው ያጠራቀሙት ገንዘብ ያለው ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። አንገቷ ላይ ደግሞ አዲስ ክር አየ፤ ጫፉ ከሸሚዟ ሥር ተደብቋል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ መሆን አለበት።

ማታ ስትመለስ ድምፅዋ ተዘግቷል። ስትወድቅ ጮሃ ነው፣ አለ በልቡ። ፀጉሯ ግን ደረቅ ነው። ይሄማ የባሰ፤ ውሃውን ፈርታ ዳር ተቀምጣ ትውላለች ማለት ነው፣ ያውም ከፍላ።

«ለመሆኑ እዚያ የሚያስተምር ሰው አለ?» አላት።

«አለ። ጩኸት ይበዛል ነው የሚሉት።»

«ከፍሎ መሰደብ በይኛ።»

«ሳያዩ አይፈርዱም፣ ጌታው።»

ቅዳሜ ዕለት እሷ እንደ ወጣች ሱቁን ዘጋና የአንድ ጥንድ ጫማ ዋጋ በኪሱ ይዞ ተከተለ። የሐይቁን ሰዎች ማታለል በዓይኑ አይቶ፣ ሚስቱን ከእጃቸው ሊያወጣ ነው።

ሐይቁ ዳር ትኬት ቆራጩ ከላይ እስከ ታች አየው። «ለልጅ ልጅዎ ነው፣ አባት?»

«ለራሴ። ለዛሬ ብቻ። ካልጣመኝስ?»

«ገንዘብዎ ይመለሳል። ግን ማንም አስመልሶ አያውቅም። አስተማሪያችን ግትር ሰው ማስተማር ከቤት የለመድኩት ነው ይላሉ።»

«ምስኪን» አለ ጫማ ሠሪው። «እኔም ቤት አንዲት ግትር አለችኝ።»

የማያሰጥመውን ሰደርያ አልብሰው እግሩን ከሰሌዳው ጋር አሰሩለት። ማሰሪያውን ጎተት አድርጎ ስፌቱን መረመረ። ስፌቱ እንኳ ደህና ነው። ከዚያ ውሃው ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ገመዱን ጨብጦ፣ ዳር ከተቀመጡት ተማሪዎች መሃል ሚስቱን በዓይኑ ፈለጋት። የለችም። ልቡ ድንግጥ አለ። ይሄኔ ጀልባው ዞሮ ፊት ለፊቱ መጣ፤ ፊሽካ ተነፋ።

«ጉልበትህን እጠፍ፣ ጌታው» አለችው አስተማሪዋ በተዘጋ ድምፅዋ፣ ፊሽካዋን ወደ አንገቷ ክር እየመለሰች፤ «ዋጋውን ቆመህ ስትመለስ እንከራከራለን።»