የጅራቱ ብሎን

አውሮፕላኑ ወደ መንደርደሪያው ማዝገም ሲጀምር መካኒኩ ሬዲዮውን ከአለቃው እጅ ነጠቀ።

«አስቁሙት፣ ስለ ፈጣሪ። የጅራቱን መሪ የሚይዘውን ዘንግ ብሎን አላጠበቅሁትም። አየር ላይ ከወለቀ ያ ሁሉ ሰው አለቀ።»

ጡረታ ሊወጣ ሁለት ወር የቀረው፣ በሠላሳ ዓመት አንዲት ብሎን ረስቶ የማያውቅ ሰው ነበርና ማንም አልተጠራጠረውም። አውሮፕላኑ ተመለሰ፤ መንገደኛው በሙሉ ይውረድ ተባለ።

አለቃው ኤርሚያስ ሙያውን የተማረው ከመካኒኩ ነው። መሰላል አስጠግቶ ወጣና ብሎኑን በመፍቻ ታገለው። ንቅንቅ አላለም። መካኒኩ ጠዋት አጥብቆ ሲጨርስ የቀባው ቀይ ምልክት እንኳ አልተሰነጠቀም።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጠብቋል» አለ ቁልቁል እያየው። «በገዛ እጅዎ እንጀራዎን ዘጉ። ምን ነካዎት?»

የመካኒኩ ዓይን ከአውሮፕላኑ ደረጃ ላይ አልተነቀለም። ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱት ልጃገረዶች፣ አንድ ዓይነት ሻርፕ እንደለበሱ፣ ተራ በተራ ይወርዳሉ።

የመጨረሻዋ ስታየው ደረጃው ላይ ቆመች።

«አባዬ» አለችው፣ «ነገስ ምን ልትላቸው ነው?»