መልአክ አይወለድም

ሰባኪው በትንሿ የሬሳ ሣጥን ላይ መዳፉን አሳርፎ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ ልጅሽ መልአክ ሆናለች» ሲላት የእናትየው ደም ፈላ። እጁን ከሣጥኑ ላይ አሽቀንጥራ ጣለችው።

«ሰው ሞቶ መልአክ ይሆናል የሚለው የትኛው መጽሐፍ ነው? መልአክ አይወለድም! እኔ እሷን ሁለት ቀን ሙሉ አምጬ ነው የወለድኳት። ስትናደድ ትነክሰኝ ነበር። ጥርሷን ሳትቦርሽ ‹ቦረሽኩ› እያለች ትዋሸኝ ነበር። ሰው ነበረች፣ ልጄ!»

«ተይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል» አለ ባሏ ክንዷን እየጎተተ።

«ይስማ!» ዓይኗን ከሰባኪው ላይ አልነቀለችም። «ለመሆኑ ስሟን ያውቁታል?»

ሰባኪው ጉሮሮውን ጠረገና ማስታወሻ ደብተሩን ማገላበጥ ጀመረ።

ያኔ ባሏ ክንዷን ለቀቀ። ደብተሩን ከሰባኪው እጅ ነጥቆ ከደነው።

«ይተዉት» አለ። «እኛው እንቀብራታለን።»