የፀጉር አስተካካዩ ቅዳሜዎች

ፀጉር አስተካካዩ መጠጥ አቆምኩ ካለ አምስተኛ ወሩን ይዟል። ሰፈሩ አላመነውም። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ከሰፈሩም ብሳ አላመነችውም።

የሷ መስኮት የሱን በር ፊት ለፊት ያያል። ድሮ ግድግዳ ተደግፎ ሲገባ፣ አንድ ቀንማ ጫማውን አቅፎ ደረጃ ላይ ሲያድር ያየችው እሷ ናት። ልብስ ሊያሰፋ ለመጣ ሁሉ፣ «የጠጪ መሐላ የክረምት ጭቃ ነው፤ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል» ትላለች።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም አሉ» ብላ አትክልት ሻጯ ሳቀችባት።

ሰፊዋ አልሳቀችም። ባሏ ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው፤ ከዚያ ወዲህ ሳቁም ልቅሶውም ትቷታል። ጠዋት ትነሳለች፣ ለጉልበቷ የሚሆን መድኃኒት ከቡናማ ጠርሙስ በሲኒ ቀድታ ትጠጣለች፣ ቅርንፉድ አፏ ውስጥ ጣል ታደርጋለች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ትቀመጣለች። ዘንድሮ ጉልበቷ ሳይብስባት አልቀረም። መርፌው ውስጥ ክር ማስገባትም አስቸግሯታል። በቀደም የሰፋችው የተማሪ ሸሚዝ አንዱ እጅጌ ከሌላው ረዝሞ ተመለሰባት። «ዓይኔ ደከመ» አለች፤ ፈትታ ሰፋችው።

የሱቁ አከራይ ለፀጉር አስተካካዩ አንድ ዕድል ሰጥቶታል። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የነገረው።

«አንዲት ብርጭቆ ቀመስክ ሲሉኝ ቁልፌን አምጣ ነው የምልህ። ሁለተኛ አልጠይቅህም።»

«እሺ ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

ሱቁን ካጣ የሚቀረው መቀስና መስታወት ብቻ ነው። ሚስቱ ከሄደች ቆይታለች።

ታዲያ ይኼ ሰው ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ሲሆን ሱቁን ይዘጋል። ቅዳሜ! ወረፋው በር ድረስ በሚደርስበት ቀን! መጀመሪያ በጓሮ በር ነበር የሚወጣው። ከጥቂት ሳምንታት ወዲህ ግን መንገዱ በሰፊዋ መስኮት ሥር ሆኗል። እጁ ላይ የጨርቅ ቦርሳ አለ፤ ሲራመድ ቅጭል ቅጭል ይላል። ያንን ድምፅ ደግሞ እሷ አትስተውም።

«ወዴት ነው?» አለችው በመስኮት።

«ትንሽ እግሬን ላፍታታ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«በቦርሳ?»

«በቦርሳ» አለና ፈገግ ብሎ አለፈ።

በመስኮቷ ሥር ማለፍ በጀመረ በስድስተኛው ቅዳሜ ሹራቧን ደርባ ተከተለችው። ሰውየው ገና ጎልማሳ ነው፤ አካሄዱ ግን የሽማግሌ ነው። ማዕዘን ላይ ቆም ይላል፣ ዞር ብሎ ያያል፣ ይቀጥላል። የጥፋተኛ ነገር! ድልድዩ ጋ ጉልበቷ እምቢ ብሏት ቆመች። ደግነቱ እሱም የጫማ ክሩን ሊያስር ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ አላመለጣትም።

ከክሊኒኩ ጀርባ ያለው አሮጌ አዳራሽ ገባ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲወጣ ዓይኑ ቀልቷል። አብረውት የወጡትም ዓይናቸው ቀልቷል፤ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ይሳሳቃሉ። ከዚህ ወዲያ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

በማግስቱ ለአከራዩ ነገረችው።

«ሲጠጣ አይተሻል?» አላት።

«ጭሱን ካየሁ እሳቱን ልንካው እንዴ?»

«እኔ በጭስ የሰው ጉሮሮ አልዘጋም። በዓይንሽ ካየሽ ንገሪኝ፤ ያኔ ቁልፌን እቀበለዋለሁ።»

በሰባተኛው ቅዳሜ፣ መንገዱ ረጅም ነው ብላ ከመድኃኒቷ ሁለት ሲኒ ጠጣች። ከዚያ ወጣች። ሰውየው ያን ቀን የባሰ አዘገመ። አዳራሹ ሲገባ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው። ሰፊዋ በስንጥቁ አየች።

ወንበሮች ክብ ሠርተዋል። ሰዎች ተቀምጠዋል። ፀጉር አስተካካዩ ከቦርሳው ብርጭቆዎች አውጥቶ ደረደረ፤ ከትልቅ ፔርሙዝ ሻይ ቀዳባቸው። ሻይ ብቻ። አንድ ወፍራም የጭነት መኪና ሾፌር ተነሳ።

«ዛሬ ዘጠናኛ ቀኔ ነው። ትናንት ልጄ ስልኬን አነሳች። ‹አባዬ› አለችኝ፤ ከዚያ ዝም ተባባልን። ዝምታውም ጥሩ ነበር።»

አጨበጨቡለት። ያለቀሱም ነበሩ።

ሰፊዋ ምንም አልተሰማትም። ለአከራዩ የሚነገር ነገር እንዳላገኘች ብቻ ገባት። ልትመለስ ስትል በሩ ሲጥ ብሎ ተከፈተ።

«ይግቡ፣ እናቴ» አላት ሾፌሩ። «አይፈሩ። እኛ ጋ ማንም ማንንም አይጠራም፣ አይጎትትም። በገዛ እግሩ የመጣ ብቻ ነው የሚገባው።»

«እኔ እንኳ... ጎረቤቴን ፍለጋ ነው» አለች ወደ ፀጉር አስተካካዩ እያመለከተች። «እንዳይጠጣ ብዬ ነው የምከታተለው።»

«የሱንማ እናውቃለን፤ መቶ ሃምሳ ሁለተኛ ቀኑ ነው። እዚህ የገባ ሰው ቀኑን ይናገራል። እርስዎስ፣ ስንተኛዎ ነው?»

ሰፊዋ የሁለቱ ሲኒ ሽታ ከቅርንፉዱ እንዳያልፍ አፏን በእጅጌዋ ሸፈነች። ፀጉር አስተካካዩ አጠገቡ የነበረውን ባዶ ወንበር ሳብ አደረገላት።

«የመጀመሪያ ቀኗ ነው» አለ። «ደግሞ እኔ አልጠራኋትም፤ ሰባት ቅዳሜ ሙሉ ቀስ ብዬ ሄድኩ እንጂ።»