የሪሀና ጥንቸል

ሪሀና አብዱልገኒ ጥንቸል በማሳደግ ከገርጂ አንደኛ ነበረች፤ ወረቀት ላይ። በማስመሪያ የተሰመረ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተጻፈ ፕሮግራም ከአልጋዋ በላይ ለጥፋለች፦ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ጎመን፣ ማታ ውሃ መቀየር፣ ቅዳሜ የጥንቸሏን ቤት ማጽዳት። ያየው ሁሉ «ጎበዝ ልጅ» ይላል።

ችግሩ ዘመኑ ነው። በ1989 ዓ.ም. ሪሀና ስምንተኛ ክፍል ደረሰች፤ ሰኔ ላይ ሚኒስትሪ ፈተና አለ። ፈረቃዋ የጠዋት ነው፤ ከሰዓት ደግሞ ማጠናከሪያ። መገናኛ ላይ ታክሲ ተጋፍታ ቤት ስትደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃለች። ነጯ ጥንቸሏ ሱካሬ ላም አለኝ በሰማይ ሆነችባት።

ጎረቤቷ እድላዊት ግን ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ፈተና የለባትም። ፈረቃዋም የከሰዓት ስለሆነ ጠዋቱን ሙሉ ቤት ናት። እሷም ነጭ ጥንቸል ነበረቻት። ሁለቱን አባቶቻቸው በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሻጭ፣ ከአንድ ቅርጫት ነው የገዙላቸው።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ሪሀና አርፍዳ ነበርና ጎመኑን ወርወር አድርጋ ሮጠች። ማታ ስትመለስ እናቷ ሐሚዳ የግቢው በር ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«የእድላዊትን ጥንቸል ውሻ በላባት» አለቻት።

ሪሀና ሮጣ ሱካሬን አየቻት፤ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ተመስገን! አባቷ በጥንቸሏ የሽቦ ቤት በር ላይ አዲስ መቀርቀሪያ እየመታ ነበር። መጠንቀቅ ደግ ነው።

ከዚያ ልታጽናና ወደ ጎረቤት ሄደች። እድላዊት መሬት መሬት ታያለች እንጂ አንዲት ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም። «ድንጋይ!» አለች ሪሀና በሆዷ። ደግሞም ትንሽ ኮራች። ፕሮግራም የሌለው ሰው መጨረሻው ይኸው ነው።

ኩራቱ ሳምንት አልቆየላትም። ሱካሬ ተለወጠች። ስሟን ስትጠራት ዞር አትልም፤ ጎመን ስታቀርብላት ወደ ጥግ ትሸሻለች። ቤቷ ቀድሞ ተጠርጓል፣ ውሃዋ ቀድሞ ተቀይሯል። የሌላ ሰው እጅ አለበት።

አንድ ቅዳሜ የማጠናከሪያው የሒሳብ አስተማሪ ቀረና ሪሀና በጊዜ ተመለሰች። እድላዊት እነሱ ግቢ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች። ሱካሬ ጭኗ ላይ ተዘርግታለች፤ አፍንጫዋን ብብቷ ውስጥ ወሽቃ ዓይኗን ጨፍናለች። ለሪሀና አንድም ቀን እንደዚያ ሆናላት አታውቅም። ቅናት አንገበገባት።

«ማን ፈቀደልሽ?»

«እትዬ ሐሚዳ… አንቺ ጥናት ስለበዛብሽ…»

«የራስሽን አስበልተሽ የሰው ትነጥቂያለሽ?»

እድላዊት አፏን ከፈተች። በሩ ላይ የቆመችውን ሐሚዳን አየችና መልሳ ዘጋችው። ጥንቸሏን ቀስ አድርጋ ሽቦው ውስጥ አስገብታ ወጣች።

«ተያት ልጄ» አለች ሐሚዳ። «አንቺ ጥናትሽን ያዢ።»

የገዛ እናቷ! ሪሀና ያን ማታ መጽሐፉን ገልጣ አንድ መስመር አላነበበችም። በነጋታውም የባሰ መጣ። ሐሚዳና የእድላዊት እናት ገንዘቤ በቆርቆሮው አጥር ላይ ሲንሾካሾኩ ደረሰችባቸው።

«ልጅቷ ግን አሳዘነችኝ፤ ናፍቆት ሊገድላት ነው» ትላለች ገንዘቤ።

«እስክትፈተን ነው፤ ትንሽ ቀን ነው የቀረው» አለች ሐሚዳ። ሪሀናን ስታያት ስለ ቲማቲም ማውራት ጀመረች።

ነገሩ ለሪሀና ፀሐይ የሞቀው ሆነ። ፈተናው እስኪያልቅ ያባብሏታል፣ ከዚያ ሱካሬን አንስተው ለእድላዊት ይሰጧታል። ጥንቸሏ ለእድላዊት ናፍቆት፣ ለእሷ ሽሽት! ሌሊቱን ስትገላበጥ አድራ ወሰነች። ለእኔ ካልሆነች ለእሷም አትሆንም።

የመጨረሻው ፈተና ያለቀ ቀን በጊዜ ተመለሰች። አጎቷ ጣሃ የጭነት መኪናውን ደጅ አቁሞ ወደ ኮምቦልቻ ሊነሳ ነው። ሪሀና ሱካሬን ካርቶን ውስጥ ከታ፣ ቀዳዳ በስታ፣ ጋቢናው ድረስ ወሰደችለት።

«ለልጆችህ ነው አጎቴ።»

ጣሃ ካርቶኑን ከፈት አድርጎ ሳቀ። «ለጨዋታ ነው ለወጥ?»

ሪሀና ወደ ጎረቤት አጥር ዞር ብላ አየች። «እንደፈለጋችሁ» አለች።

መኪናው አቧራውን አስነስቶ ሄደ። ሪሀና ከስንት ሳምንት በኋላ ደረቷ ቀለል አላት። አሁን ማንም ይምጣ፣ ምንም ይበል።

መጡም። ወደ ማታ እናቷ ጠራቻት። ሳሎን ውስጥ ገንዘቤ ተቀምጣለች፤ እድላዊት አጠገቧ እጇን አጣምራ አንገቷን ደፍታለች። ሪሀና መልሷን አዘጋጅታ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ገባች።

ሐሚዳ ግን አልተቆጣችም። እጇን ይዛ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ፈተናሽን በሰላም ጨረስሽ፣ አልሐምዱሊላህ። ክፉ ወሬ ለተማሪ አይነገርም ብለን ነው እስከ ዛሬ የዋጥነው። ሪሁዬ፣ እንዳትደነግጪ።»

ሪሀና ወደ እድላዊት አየች። እድላዊት ታለቅስ ነበር።

«ግንቦት ላይ የሽቦውን በር ሳትዘጊ ሄደሽ ውሻ የበላት ያንቺን ሱካሬ ነው፤ ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብላ የራሷን ያስገባችልሽ እድላዊት ናት።»